አፉ የማያርፍ ሰውዬ፦ ነውር የሚደፍር የቴሌቪዥን ቀልድ እንዴት ይሠራል?

ነውር የሚደፍር ቀልድ እጽፋለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ገና ሲጀምር ነው፤ ተመልካቹን የሚያስቀው ስድቡ ይመስለዋል። ስድብማ ደሴ ላይ ሞልቷል፤ ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ባጃጅ መሳፈር ይበቃል። ሰው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ሆዱን ይዞ የሚስቀው፣ ጓዳ ውስጥ በሹክሹክታ የሚባለውን ነገር አንዱ ሳሎን መሐል ቆሞ ሲናገረውና ወዲያው በገዛ አፉ ሲጠለፍ ሲያይ ነው። መናገሩ ብቻውን ከሆነ ስድብ ነው። መጠለፉ ብቻውን ከሆነ ደግሞ የሰንበት ትምህርት ይሆናል፤ ለዚያ ማንም ቴሌቪዥን አይከፍትም።

ፒተር መግሮውና ኬሌብ ዋረን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ በሌላ ቋንቋ አስቀምጠውታል፦ ሳቅ የሚመጣው አንድ ነገር ሥርዓት ሲጥስና በዚያው ቅጽበት ጉዳት የሌለው ሆኖ ሲታይ ነው። ወሎ ይህን ከአዝማሪው ያውቀዋል። ማሲንቆ የያዘው ሰው ባለጸጋውን ፊት ለፊት ሊሸነቁጠው የሚችለው ግጥሙን ከታዳሚ ስለሚቀበል ነው። «ተቀበል!» ይባላል፣ ይቀበላል፣ ይዘፍነዋል። ነገሩን ያለው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ያዜመው ብቻ ነው። የቴሌቪዥን ገጸ ባሕርይም ሥራው ይኸው ነው፤ ደራሲው የማይለውን ይላል፣ ዕዳውንም ራሱ ይከፍላል።

ዕዳው ካልተከፈለ ምን እንደሚመጣ የታወቀ ማስረጃ አለ። አሜሪካ ውስጥ ሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1979 «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የሚባል ተከታታይ ኮሜዲ ያሳይ ነበር። ዋናው ሰውዬ አርቺ በንከር በዘርም፣ በሃይማኖትም፣ በሴትም ላይ አፉ የማያርፍ አባወራ ነው። የተሠራው እንዲሳቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች የተባሉ ተመራማሪዎች ተመልካቾችን ሲጠይቁ ግን ጥላቻ የጠናባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ አርቺን የሚያደንቁና በክርክሩ መጨረሻ አሸናፊው እሱ ነው ብለው የሚያዩ ሆነው ተገኙ። አንድ ፕሮግራም ነው፣ አንድ ሳቅ ነው፤ የሳቁት ግን በተለያየ ሰው ነው። እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ የሚያተኩረው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ተመልካቹ ማን ላይ እንደሚስቅ እንዳይስት።

ሰውዬውን መምረጥ

አፈ ክፉው ሰው ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ ትንሽ ቢሆንም ይበቃል። የዕድር ዳኛ፣ የሙሽራ አባት፣ የሱቅ ባለቤት፣ ራሱን የሾመ አስታራቂ ሽማግሌ። ከታች ያለ ሰው ከታች ያለውን ሲሳደብ ጭቅጭቅ ነው፣ ማንም አይስቅም። ከዚያ ሦስት ነገር ስጡት፦ አንድ የሚጠላው ወገን፣ አንድ የሚደብቀው ነገር፣ አንድ ከልቡ የሚወደው ሰው። ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። የሚወደው የሌለው ሰው ጭራቅ ስለሚሆን ተመልካቹ ይፈራዋል እንጂ አይስቅበትም። የሚደብቀው ነገር ደግሞ ከሚጠላው ወገን ጋር መነካካት አለበት፤ ወጥመዱ የሚዘጋው እዚያ ላይ ነው።

የሚጠላውን ወገን ስትመርጡ ገና ደም ያልደረቀበትን አትንኩ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደጃቸው ድረስ የገባባቸው ከተሞች ናቸው፤ ሐዘን ላይ ያለ ቤት ቀልድ የሚገባው ባለቤቱ ራሱ ሲጀምረው ነው። ቆለኛና ደገኛ፣ ከተሜና ገጠሬ፣ ተማሪና ነጋዴ፦ እነዚህ ለዘመናት ሲፎካከሩ የኖሩ፣ ገመድ መጓተቱን የለመዱ ወገኖች ናቸው፤ ለጀማሪ ይበቃሉ። ስለ ረሃብ የሚቀለድ ከሆነም አቅጣጫውን እዩ። የ66ቱና የ77ቱ ረሃብ ስም ወሎ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል፤ በተራበው ላይ የሚቀለድ ቀልድ ሌላ አገር ሳቅ ቢያገኝ እዚህ ብርጭቆ ያስወረውራል። ረሃቡን ለመደበቅ ሲሯሯጥ የነበረ ባለሥልጣን ላይ ሲሆን ግን ያው ርዕስ ከማንም በላይ እዚሁ ያስቃል።

አንድ ትዕይንት በቅርበት

ርዝመቱ 6 ደቂቃ፣ 6 ገጽ ይሁን፤ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ቀን፣ ከ4 የማይበልጥ ተናጋሪ። ለምሳሌ ሽማግሌ ሲላክ እንውሰድ፤ ሰባት ቤት መቆጠሩ አይቀርምና ወጥመዱ ከባህሉ ተዘጋጅቶ መጥቷል። አያ ይማም ደሴ ተወልጄ አደግሁ የሚሉ የሙሽራዋ አባት ናቸው። ልጁ የወሎ ደጋ የሆነው የደላንታ ሰው ነው፤ ለእሱ ሽማግሌ ሆነው የመጡት አያ ሙሄ ናቸው። የአያ ይማም እናት እማማ ዘሀራ ጥግ ላይ ቡና ያፈላሉ። የመጨረሻው አንድ ደቂቃ ተኩል ይህን ይመስላል፦

አያ ይማም፦ (የውሃ ብርጭቆ ይዘው) ደላንታ ስትሉ… ያ ደላንታ? ብርዱ ሰውን እንደ ድንች ከአፈር በታች የሚያኖረው?

አያ ሙሄ፦ እሱው ነው። ድንቹን ሰኞ ገበያ ገዙት አሉ፣ ሸጋ ነው?

አያ ይማም፦ እንዲያውም እንነጋገር ከተባለ፣ የደላንታ ደም ያለበት ሰው እዚህ ቤት ውሃ አይጠጣም! (ይጠጣሉ።) በሉ ሰባት ቤት ቁጠሩ።

አያ ሙሄ፦ ሰይድ፣ አሊ፣ ይመር፣ ገብሬ፣ ወልዴ…

እማማ ዘሀራ፦ (ከጀበናው ቀና ሳይሉ) የትኛው ወልዴ? በቅሎውን ሸጦ ጥሩምባ የገዛው?

አያ ሙሄ፦ እሱው።

እማማ ዘሀራ፦ ይማም፣ እስኪ አንተም ቁጠር።

አያ ይማም፦ እኔ ነኝ እንዴ የማገባው?

እማማ ዘሀራ፦ ቁጠር።

አያ ይማም፦ ይማም፣ አራጋው፣ ሁሴን፣ እንድሪስ… (ይስላሉ።)

እማማ ዘሀራ፦ እንድሪስ ማን?

(ዝምታ። አያ ይማም ብርጭቆውን ያዩታል። ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል።)

ትንሿ ልጅ፦ አባዬ፣ ውሃ ልጨምር?

አሁን ክፍሎቹን ፍቱት። የመጨረሻው ስም አልተጠራም። ተመልካቹ በራሱ አፍ «ወልዴ» ይላል፤ ሳቁም የሚፈነዳው እሱ ስለጨረሰው ነው። ተዋናዩ «ወልዴ» ብሎ ቢናገር ሳቁ ወዲያው ግማሽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ማንም አልሰበከም። እማማ ዘሀራ «ሁላችንም አንድ ነን ልጄ» ቢሉ ኖሮ ትዕይንቱ እዚያው ይሞታል፤ የሚያሳዝነው ግን ጣቢያ ላይ ያለ አርታኢ ብዙ ጊዜ «መልዕክቱ አልወጣም» ብሎ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ያስጨምራል። አትጨምሩ። ይልቁንም ብርጭቆውን አሳዩት። ሦስተኛ፣ ሰውዬው ሁለት መውጫ አላቸው፣ ሁለቱም የተዘጉ ናቸው። ዘመድ ነን ካሉ ደላንታ ናቸው። ዘመድ አይደለንም ካሉ ልጅቷን ይድራሉ። ጥሩ ወጥመድ ሁልጊዜ ባለ ሁለት በር ነው።

በስሞቹ መሐል እንድሪስም ወልዴም መኖሩን ማንም አላብራራም። ወሎ ውስጥ ሊብራራ አይገባውም፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ስም አለ። ሰርግ ላይ ለእስላሙና ለክርስቲያኑ ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት በሚጣድበት አገር ይህ ዕለታዊ ነገር ነው። ማብራሪያ የጨመራችሁ ቀን ለወሎዬ መጻፍ አቁማችሁ ለእንግዳ መጻፍ ጀምራችኋል።

የሴራው ማሰሪያም ቀላል መመርመሪያ አለው። «ሳውዝ ፓርክ» የተባለውን አፈ ክፉ ካርቱን የሚሠሩት ትሬይ ፓርከርና ማት ስቶን ለተማሪዎች ሲያስረዱ፣ በሁለት ክንውን መሐል «ከዚያ» የሚል ቃል የሚገባ ከሆነ ጽሑፉ ተበላሽቷል፣ «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» መግባት አለበት ብለዋል። እላይ ያለውን ሞክሩት፦ ደላንታን ናቁ፣ ስለዚህ ቁጠሩ አሉ፣ ነገር ግን እናት ስሙን አወቁት፣ ስለዚህ እሳቸውም ሊቆጥሩ ሆነ። «ከዚያ» የሚገባበት ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ቆርጣችሁ ጣሉ።

አማርኛው የሚያግዘውና የሚያሰናክለው

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሥ መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፤ ለቀልድ ይህ ግማሽ በረከት ግማሽ መርገም ነው። የሚያስቀው ቃል ስም ከሆነ ከኋላው «ነው»፣ «ነበር»፣ «አሉ» ተከትሎ ሳቁን ይረግጠዋል። መፍትሔው ግሡን ወደፊት ማምጣት ወይም ጨርሶ መጣል ነው። «የገዛው ጥሩምባ ነበር» አትበሉ፤ «በቅሎውን ሸጦ ምን ገዛ? ጥሩምባ!» በሉ። ግሡ ራሱ ሲያስቅ ግን ቦታው ተዘጋጅቶለታል።

ጠብቆና ላልቶ የሚነበብ ቃል ደግሞ የዚህ ቋንቋ ሀብት ነው። «እኛ ቤት እንግዳ ይበላል» ሲል ቃሉን ካላላው ደግ ሰው ነው፤ ካጠበቀው ሌላ ጣጣ ነው። «ይመታል»ም እንዲሁ። እነዚህን ስትጠቀሙ ከስክሪኑ በታች የሚሄደውን ጽሑፍ እዚያች መስመር ላይ አጥፉት። ፊደላችን ማጥበቅን ስለማያሳይ አንባቢው አንዱን ትርጉም ቀድሞ ይመርጣል፣ ጆሮው የሚሰማው ሌላ ይሆንበታል፣ ቀልዱም መሐል ላይ ወድቆ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ ስለታም መሣሪያችሁ «አንቱ» ነው። ሽማግሌን ሲያናግር አንቱ ሲል የቆየ ሰው ድንገት «አንተ» ካለ፣ ከየትኛውም ጸያፍ ቃል ይልቅ ሳሎኑን ያናውጠዋል። በ6 ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቀሙበት። ሁለተኛ ጊዜ ከመጣ ባለጌ ጽሑፍ ይመስላል፣ ሦስተኛ ጊዜ ማንም አያስተውለውም።

የአነጋገር ዘይቤ ማስመሰል ላይ ቁጥብ ሁኑ። የሰው ቅላጼ መኮረጅ ለ20 ሰከንድ ያስቃል፤ ከዚያ በኋላ ተዋናዩ ሌላ ምንም እንደሌለው ይታወቅበታል። ደላንታው ሰው ሊሳቅበት ሳይሆን ሊያሸንፍ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቅላጼው ተፈጥሯዊ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የአካባቢውን ተወላጅ አሠሩ።

በሃይማኖት ነገር መስመሩ ግልጽ ነው። ጸሎቱን፣ ዱዓውን፣ ታቦቱን፣ ቁርኣኑን ተዉ። ጾመኛ መስሎ ጓዳ ገብቶ የሚጎርሰውን ግን አትተዉት፤ እሱን ካህኑም ሼሁም ይስቁበታል። የተቀደሰው ነገርና ቅድስናን የሚነግድበት ሰው በአንድ ፎቶ ውስጥ ከገቡ ካሜራው ወደ ሰውዬው ይጠጋ።

ከቀረጻ በፊት ቡና ላይ መሞከር

ጽሑፉን ለጓደኛ በስልክ ልኮ «እንዴት ነው?» ማለት ዋጋ የለውም፤ «አሪፍ ነው» ይላችኋል። ቡና አስፈሉና 8 ሰው ያህል ጋብዙ፦ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ 3፣ ወጣቶች 3፣ ከሚቀለድበት ወገን ቢያንስ 2። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ካልመጡ ሙከራው አልተደረገም ማለት ነው። ተዋናዮቹ አቦል ላይ አንድ ጊዜ፣ ቶና ላይ ተስተካክሎ አንድ ጊዜ ያንብቡት። በረካ ላይ ምንም አትሞክሩ፤ ምርቃት ከተጀመረ በኋላ ሁሉም ሰው ደግ ይሆናል፣ ፍርዱ አይታመንም።

አንድ ሰው ከጥግ ተቀምጦ በእያንዳንዱ መስመር ጎን ምልክት ያድርግ፦ «ሳ» ለሳቅ፣ «ፈ» ለፈገግታ፣ «ዝ» ለዝምታ፤ ከጎኑም ማን እንደሳቀ። ከቁጥሩ ይልቅ ማንነቱን አንብቡ። አፈ ክፉው መስመር ላይ ከሚቀለድበት ወገን ውጭ ያሉት ብቻ ከሳቁና መልሱ ላይ ዝም ካሉ፣ የአርቺ በንከር በሽታ ይዟችኋል፤ መልሱ ከስድቡ ደካማ ነው ማለት ነው፣ መልሱን ስለት አውጡለት። ከሚቀለድበት ወገን የመጡት ሁለቱ ከሌሎቹ ቀድመው ከሳቁ መንገዱ ቀንቷል። የሳቁ ዓይነትም ይሰማል። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ዴቭ ሻፔል እ.ኤ.አ. በ2005 የገነነ ፕሮግራሙን ጥሎ የሄደው፣ በዘር ላይ የሚቀልድ ትዕይንት ሲቀረጽ ከሠራተኞቹ አንዱ የሳቀው ሳቅ ጆሮው ላይ ስለጎረበጠው ጭምር እንደሆነ ተናግሯል።

አንድ ገጽ ላይ ከ3 «ሳ» በታች ካለ ቀልድ አትጨምሩበት፤ ከመግቢያው ቁረጡ። አብዛኛው ጽሑፍ የሚዘገየው ሰላምታ ላይ ነው፤ ወሎዬ ሰላምታው ረጅም ነው፣ ካሜራው ግን ያን ያህል ትዕግሥት የለውም። ሰውዬው የመጀመሪያውን ነውር እስከ 20ኛው ሰከንድ ድረስ ይናገረው።

ቀረጻውና ቆረጣው

ሁለት ስልክ ይበቃል። በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ የመዝጊያውም ፍጥነት 1/50 ላይ ይሁን፤ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 30 ፍሬም ላይ ከተተወ አምፖሉ በምስሉ ላይ ይርገበገባል። የብርሃን መጠኑን ቆልፉት፤ በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም በመስኮት ሲገባና ሲወጣ ስልኩ በየደቂቃው ፊቱን ያጠቁረዋል። ማይክሮፎኑ ከአገጭ 15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሰካ፣ ኩታ ወይም ሻሽ እንዳይነካው ተጠንቀቁ። የዙህር አዛን ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላቱ ደግሞ ወደ 10 ሰዓት ግድም ይመጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም የራሱ ሰዓት አለው። ንግግር ያለበትን ሁሉ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት ጨርሱ። ማንም ሳይናገር የክፍሉን ዝምታ 30 ሰከንድ ቅረጹ፤ ያ የ«እንድሪስ ማን?» ዝምታ ሲቆረጥ የሚሞላው በዚህ ነው።

አሁን ሁሉም የሚሰናከልበት ቦታ፦ ቅንጣቢው። 6 ደቂቃውን የሚያየው ጥቂት ነው፤ ሌላው ሰው 15 ሰከንድ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ የሚለቀውን ያያል። «የደላንታ ደም ያለበት ሰው ውሃ አይጠጣም» የሚለው ብቻውን ከተቆረጠ፣ ቀልደኛ መሆናችሁ ቀርቶ ተሳዳቢ ናችሁ። ስለዚህ ስድቡና መልሱ በአንድ ቀረጻ፣ ካሜራው ሳይቀየር፣ ሁለቱም ሰዎች እየታዩ ይሁኑ። በመሐላቸው ከ8 ሰከንድ በላይ አይለፍ። ድንቹ ላይ አያ ሙሄ ወዲያው የመለሱት ለዚህ ነው፤ ውሃው ላይ ደግሞ መልሱ ሰውዬው ራሳቸው መጠጣታቸው ነው፣ እሱን ከቃሉ ለይቶ መቁረጥ አይቻልም። ለብቻው ቅርብ ምስል ወስዳችሁ ከስድቡ ጋር ካያያዛችሁት ግን ለቆራጩ መቀስ አቀበላችሁት ማለት ነው።

ሕጉንም አንብቡት፤ አጭር ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያስፋፋ ንግግርን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ የኪነ ጥበብ ፈጠራና ትዕይንት አካል የሆነን ንግግር ደግሞ ለይቶ ያስቀራል። ስለዚህ የጽሑፉን ሁሉንም ቅጂ ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ የቡናውንም ወረቀት ጭምር። ትዕይንቱ ከነመጨረሻው አንድ ሥራ እንደነበረ የሚያሳየው እሱ ነው።

ቅንጣቢውን ሌላው ሳይቀድማችሁ ራሳችሁ ቁረጡ፣ ሙሉውንም ቅንጣቢውንም በአንድ ጊዜ ልቀቁ። ከ«ሰባት ቤት ቁጠሩ» ይጀምር፤ ስድቡ በውስጡ የለም፣ ግን ሰው ምን ብለው ነበር ብሎ ሙሉውን ይፈልጋል። ልጅቷ «ውሃ ልጨምር?» ካለች በኋላ ምስሉን አታቋርጡ፤ አያ ይማም ቀና ብለው እስኪያይዋት 1 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ቁረጡ።